የሳፊያ ሸረፈዲን የቅርብ ዘመድ

«ሳፊያ ሸረፈዲን» ትላለች ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው የባንክ ሠራተኛ።

የሚነሳ የለም። ጽናት በሁለት ሽማግሌዎች መካከል አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ የተጠራችውን ልጅ እንደሚፈልግ ሰው ዞር ዞር ትላለች። ከቀኟ ያለው ሸረፈዲን በክርኑ ጎሸም ያደርጋታል።

«አንቺን ነው፤ ሂጂ» ይላል ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ትነሳለች። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ ታደርጋለች። አንገቷን ይበርዳታል። ማተቧን ዛሬ ማለዳ ቦሩ ሜዳ፣ ከቤታቸው ጓሮ ቆሞ የፈታላት፣ አሁን ከግራዋ የተቀመጠው አባቷ ኪዳኑ ነው። በምላጭ መቁረጥ አልሆነለትም፤ ቋጠሮውን በጥፍሩ ሲታገል ሚኒባሱ ሊያመልጣቸው ነበር።

ፓስፖርቷ ላይ ያለውን «ሳፊያ» የሚል ስም ያመጣው ለዓረብ አገር ሥራ የሚልካት ደላላ ነው። ለጅዳ በእስላም ስም ካልሆነ ጉዳይሽ አይንቀሳቀስም አላት። የአባት ስም ሲጠይቅ ጎረቤታቸው ሸረፈዲን «የኔን ጻፍ» አለ። «ከግብር ሰብሳቢው በቀር ፈልጎት የሚያውቅ የለም።» ያን ቀን ሁሉም ሳቁ፤ አባቷም ሳቀ። ባንክ የሚባል ነገር ትዝ ያለው አልነበረም። ነገ ንጋት ላይ ወደ አዲስ አበባ ትሳፈራለች፤ ከነገ ወዲያ ትበራለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሳፊያ።» ሠራተኛዋ ደረቷ ላይ «ረውዳ» የሚል ስም ለጥፋለች።

«ወዓለይኩም ሰላም።» ይህን መለማመድ አላስፈለጋትም፤ በሸረፈዲን ደጅ ስትለው ነው ያደገችው።

ረውዳ ፓስፖርቱን ገልጣ ቅጹን መሙላት ትጀምራለች። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከሒሳቡ የሚያወጣልሽ ማነው?»

«አባቴ።»

«መጥተዋል?»

«አዎ።»

ሁለቱም ሽማግሌዎች አንድ ላይ ይነሳሉ።

ረውዳ ፈገግ ትላለች። «የትኛው ናቸው?»

ጽናት ዞራ ማየት አትችልም። የአባት ስም ከፓስፖርቱ ካልገጠመ ወረቀቱ ወደ ኃላፊው ክፍል ይገባል፤ እዚያ ከገባ ጅዳ ቀረ ማለት ነው። ደላላው ደጋግሞ ነግሯታል። ለአባቷም ነግሮታል።

«እኔ ነኝ» ይላል ሸረፈዲን። መታወቂያውን በመስታወቱ ሥር ሲያሳልፍ ኪዳኑን አያየውም።

«እርስዎስ፣ አባት?»

ኪዳኑ ባርኔጣውን ያወልቃል። «እኔ ጎረቤት ነኝ።» ማንም ሳይጠይቀው፣ «ልሸኛት ነው የመጣሁት» ይላል።

ጽናት የተሰጣትን እስክሪብቶ አጥብቃ ትይዛለች። የፈረመችው ፊርማ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም ተብሎ እንደገና ትፈርማለች።

«አንድ መስመር ቀረን» ትላለች ረውዳ። «የቅርብ ዘመድ ስልክ። ባለሒሳቧ ሳትገኝ ብትቀር የምንደውለው በዚህ ነው። የርስዎን ይንገሩኝ፣ አቶ ሸረፈዲን።»

ሸረፈዲን ሞባይል ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቁጥሩን ጽናትም ታውቀዋለች።

«ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አራት» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚጠራው ግን የሱ ቁጥር አይደለም። ትናንት ለአባቷ የገዛችው ስልክ ቁጥር ነው። ኪዳኑ ከቦሩ ሜዳ እስከ ደሴ መንገዱን ሙሉ እንደ ዳዊት ሲደግመው ነበር፤ ሸረፈዲን አጠገቡ ተቀምጦ ሲሰማው ነበር። አሁንም አንዱ ሲናገር የሌላው ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል። አንድም ቁጥር አልተሳሳቱም።

«መሥራቱን ላረጋግጥ» ብላ ረውዳ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ስልክ ታነሳለች።

ጩኸቱ ከኪዳኑ ጋቢ ሥር ይወጣል። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው ያያሉ። ኪዳኑ ስልኩን አውጥቶ በመዳፉ ሲንቀጠቀጥ ይመለከተዋል። ሸረፈዲን ወለሉን ያያል።

ረውዳ ኪዳኑን ታየዋለች። ከዚያ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፎቶ፣ ከዚያ ጽናትን፣ ከዚያ እንደገና ኪዳኑን። ስልኩ ይጮኻል። ጽናት የባንኮኒውን ጠርዝ ይዛለች። ረውዳ ወደ ኃላፊው ክፍል ዞር ብላ አይታ ፊቷን ትመልሳለች፤ የስልኩን እጀታ ግን አታስቀምጥም።

«አረንጓዴውን ይጫኑት፣ አባት» ትላለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ይጫነዋል። ጆሮው ላይ ያደርገዋል።

«ሄሎ፣ አቶ ሸረፈዲን ነዎት?»

ኪዳኑ ወደ ጓደኛው ያያል። ሸረፈዲን ዓይኑን ጨፍኖ በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል።

«አዎ» ይላል ኪዳኑ። «ነኝ።»

«የሳፊያ አባት?»

«አባቷ ነኝ።»

«ሲደወል እንዲህ ነው የሚሉት። እንዳይረሱት።» ረውዳ እጀታውን አስቀምጣ ቁጥሩን በቅጹ ላይ ትጽፋለች፤ ከጎኑ ማኅተሙን ታሳርፋለች።

ኪዳኑ ግን የተዘጋውን ስልክ ከጆሮው አላነሳም። ሌላውን ጆሮውን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ጽናት ሦስት እርምጃ ርቃ ከኋላው ቆማለች።

«ሄሎ» ይላል። «ልጄስ? ደህና ናት?»