የትናንት ትኬት

ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ሊነሳ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሼህ ሀምዱ ሾፌሩን፣ ጎማውን፣ የገደሉን መንገድ ሳይቀር መረቁ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም "አሚን!" ብሎ ፊቱን አበሰ። ወዲያው ረዳቱ ትኬት እያየ ሼሁ ጋ ደረሰ።

"አባባ፣ ይቺ የትናንት ናት። ትኬት ለተቆረጠበት ቀን ብቻ ነው፤ ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ተጽፏል። ይውረዱ፣ ወንበሩ ተሽጧል።"

"ትናንት ጎረቤቴ ሞቶ ቀብር ዋልኩ። ሬሳ ጥዬ ልሂድ?" አሉ ሼሁ። "ልጄ ከዐረብ አገር ታማ መጥታ ደሴ ሆስፒታል ተኝታለች። ዛሬ ቀዶ ጥገና ትገባለች። ሳትገባ ዓይኗን ልየው፤ ቆሜም ቢሆን እሄዳለሁ።"

"ትርፍ አልጭንም።"

ሼህ ሀምዱ ዞር ብለው አሚን ባዮቹን አዩ። አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ሌላው በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ቅድም ለምርቃት የተዘረጋው መዳፍ ሁሉ ጭን ላይ ተጋድሟል። ምርኩዛቸውን ይዘው ወረዱ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።

አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር አንዲት ሴት በድንጋጤ መስኮት ከፍታ አንገቷን አወጣች። ሼሁ ሊመልሱኝ ነው ብለው አንድ እርምጃ ተራመዱ።

"ሼህዬ፣ በአላህ! አደራዎን፣ እንዳይረግሙን!"

ሼሁ ባሉበት ቆሙ። ትኬቷ አሁንም በመረቁበት መዳፍ ውስጥ ነበረች።

"አትስጊ ልጄ" አሉ። "እንደ ትኬቴ ሁሉ እርግማኔም የትናንት ነው፤ ዛሬ አይሠራም።"