ለወንዝ የሚሆን

የዓሣ ማጥመጃ ዝንቦቹን የምትሠራው እሷ ናት። የዶሮ ላባ ትመርጣለች፣ በክር ትጠመጥማለች፣ መንጠቆው እስኪደበቅ ታለብሰዋለች፤ ውሃ ላይ ሲያርፍ ዓሣው የእውነት ዝንብ መስሎት እንዲጎርሰው። ከዚያ ባሏ ይዞት ወንዝ ይገባል፣ እሷ ዳር ቆማ ደረቅ ጫማውን ትይዝለታለች። ድልድዩ ላይ የሚያልፍ ሁሉ «እጅህን ይባርከው!» ይለዋል፤ እሱም «አሜን» ይላል። እሷ «እኔም ልግባ» ስትል መልሱ ያው ነው፤ «ለወንዝ የሚሆን ጫማ ሲገኝ።» ልጆቻቸው አድገው፣ አግብተው ወጡ። ጫማው ግን አልተገኘም።

ዛሬ ድልድዩ አጠገብ ካለው የሰልባጅ ጫማ ሱቅ ገብታ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ክምሩን ታገላብጣለች። ባሏ የዓሣ ዘንጉን እንደያዘ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሲቆጣም ሲፈራም እንዲህ ነው የሚቆመው።

«እትዬ፣ ይሄን ይዩት» ይላል ነጋዴው፣ የሚያብለጨልጭ የቆዳ ጫማ እያቀረበላት። «ለሠርግም ይሆንዎታል።»

«ዓሣዎቹ ሠርግ አልጠሩኝም።»

ከዘንቢሏ እርጥብ ጨርቅ ታወጣለች። ጨርቁ ሲፈታ ውስጡ ድንጋይ ነው፤ ጠዋት ከወንዙ ያነሳችው፣ ጀርባው ላይ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር የተለጠፈበት። ወለሉ ላይ አስቀምጣ የቆዳውን ጫማ ሶል ትጭንበታለች። ሶሉ ሸርተት ይላል። ጫማውን ወደ ጎን ታደርገዋለች።

«ኧረ እትዬ፣ ዕቃዬን ጭቃ በጭቃ አደረጉት!»

«ጭቃ አይደለም። እኔን የሚጥለኝ እሱ ነው፤ ከአሁኑ ይተዋወቁ።»

ነጋዴው ባሏን ያያል። ባሏ ጣሪያውን ያያል።

ቀጥሎ የስፖርት ጫማ ትሞክራለች፤ ሶሉ ደረቅ ፕላስቲክ ነውና እሱም ይንሸራተታል። ባሏ ይሄኔ ከበሩ ይላቀቅና ከግድግዳው ላይ ቦቲ ያወርዳል፤ ጥቁር የጎማ ቦቲ።

«ይኸውልሽ፤ ርካሽ ነው፣ እስከ ጉልበትሽ ይደርሳል። ይሄ ካልሆነሽ ይቅርብሽ።»

«ውሃው ከላይ ከገባስ በየት ይወጣል?»

«ጥልቁ ጋ አትሂጂያ!»

«ባለፈው ዓመት ቦቲህ ሞልቶብህ ስትንፈራገጥ በሻርፗ ጎትታ ያወጣችህ ማን ነበረች? ጎረቤት ናት?»

ነጋዴው ሳቁን በሳል ይሸፍነዋል። ባሏ ቦቲውን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ሲሰቅለውም አንዱ ይወድቅበታል።

ከክምሩ ሥር አንድ ሸራ ጫማ ትስባለች። ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል፤ ሶሉ ለስላሳ ጎማ ነው፣ መልኩ የድሮ ብርድ ልብስ ይመስላል። ታደርገዋለች። ድንጋዩን ረግጣ ክብደቷን ስትለቅበት ሶሉ ጥብቅ ይላል፤ እግሯን ስትገፋ ድንጋዩ አብሯት ይሄዳል። በሁለቱም ጎን ስፌቱ ተተርትሮ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ጣቷን ትሰድበታለች። ውሃ ቢገባ የሚወጣው በዚህ ነው። ፊቷ ግን ወዲያው ይጨፈገጋል።

«ይሄ እኮ ቀዳዳ ነው» ትላለች።

«እሱን አይቼ ነው የቀነስኩት፣ እትዬ።»

«የታለ የቀነስከው? ቀዳዳ ጫማ ማን ይገዛሃል?»

«እንዴ! ቀዳዳውማ ለወንዝ…» ይላል ባሏ።

እግሩን ትረግጠዋለች፤ በዚያው ጫማ። ሶሉ አሁንም አይንሸራተትም።

«በቃ፣ በግማሽ ይውሰዱት» ይላል ነጋዴው። «ድንጋዩን ብቻ ይዘውልኝ ይሂዱ።»

ትከፍላለች፤ የሸራ ጫማውን ማሰሪያ ሁለት ዙር ታስራለች፤ አድርጋው የመጣችውን ደረቅ ጫማ በእጇ አንጠልጥላ ትወጣለች። ከሱቁ ደጃፍ እስከ ወንዙ ቁልቁለት ነው። ባሏ ከኋላዋ ይከተላታል።

«ዛሬ ውሃው በጣም ይቀዘቅዛል።»

እሷ እርምጃዋን ትጨምራለች።

«ኧረ ስሚኝ፣ አንቺ ሴት! ዓሣዎቹን ታስበረግጊያቸዋለሽ።»

«ዝንቡ የኔ ነው፤ ያውቁኛል።»

ዳሩ ላይ ስትደርስ ዞር ትላለች። ጫማዋን ደረቱ ላይ ታስጠጋለታለች፤ ሳይወድ ሲቀበል ዘንጉን ከሌላኛው እጁ ትወስዳለች። በጓሯቸው ባልዲ አስቀምጣ፣ ዘንጉን ይዛ ስንት ጊዜ ክሩን እንደወረወረችበት አያውቅም። እሷም አትነግረውም።

ትገባለች። ቅዝቃዜው ቅልጥሟን ይነክሳታል። ከሥር ድንጋዩ ሊያንሸራትታት ይሞክራል፤ ሶሉ ትንሽ ሸርተት ይልና ይይዛል። ውሃው በቀዳዳው ገብቶ በቀዳዳው ይወጣል። ሌላ እርምጃ፣ ደግሞ ሌላ፣ ውሃው ጉልበቷ እስኪደርስ። ዘንጉን ወደ ኋላ ትወስዳለች፣ ትጠብቃለች፣ ወደ ፊት ትለቀዋለች። ክሩ አየር ላይ ይዘረጋል። ያቺ በእጇ የጠመጠመቻት ዝንብ ውሃው ላይ ቀስ ብላ ታርፋለች። ስታርፍ ከዚህ ቅርበት አይታት አታውቅም።

ድልድዩ ላይ አንድ መንገደኛ ቆሞ ወደ ባሏ ይጣራል፤ «ምነው፣ ዛሬ አልገባህም?»

ባሏ ወደ ድልድዩ ቀና ይላል። ማዕበል ቢጤ መጥቶ ዳሩን ሲመታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና፣ እንዳይረጥቡ ሁለቱን የሴት ጫማዎች ከፍ አድርጎ ይይዛቸዋል።