ቢላ ያልነካት አይጥ

ልጆቼ፣ ነፍሰ ጡሯ ሐረገ ወይን ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ለምርምር የሚያገለግሉ ነጫጭ አይጦችን የምታስታምም አንጀተ ቡቡ ሴት ናት። አንድ ቀን ሆዳቸው ተከፍቶ የተሰፉትን አይጦች፣ አንዴ ከተወጋ ለቀናት የሚይዝ የሕመም ማስታገሻ ወጋቻቸው። አይጦቹም የተነጠፈላቸውን ጥጥ ጎጆ አድርገው ተኙ። ቢላ ያልነካት አንዲቷ ግን ጀርባዋን አጉብጣ፣ ዓይኗን አጨንቁራ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

«አይጥ አስታማሚ! ድመቶች እንዳይሰሙሽ» አሉ ጽዳት ሠራተኛው ጋሽ ፊልጶስ፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው እየሳቁ።

ሐረገ ወይን አይጧን አገላብጣ ብታያት ቁስል የላትም። አይጧ መቆም መቀመጥ ቢያቅታት እሷንም ወጋቻት። አይጧ ወዲያው ተፍታታ ጥጧን መሰብሰብ ያዘች።

ያን ጊዜ መጥረጊያው ወደቀ። ጋሽ ፊልጶስ ጀርባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸውን አጨንቁረው ሆዳቸውን ይዘዋል።

«ልጄ፣ ተቀድጄ የተሰፋሁ ይመስል ያመኛል!»

«ጋሽዬ፣ ተቀደው ያውቃሉ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! መድኃኒቱ ለሰውም ይሆናል ብለሽኝ የለ? ውጊኝ በማርያም!»

መርፌውን ሞላች፤ እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ፊልጶስ እያቃሰቱ ክንዳቸውን ዘረጉላት። ዞር ብላ ክፍሉን ቃኘች። ሕመሙ የሚዛወርበት ከእሷና ሆዷ ውስጥ ከሚገላበጠው ልጇ በቀር ሌላ የቀረ አልነበረም።