የጠርሙሱ መስመር

መምህር ይድነቃቸው የአልኮሉን ጠርሙስ ከተቆለፈበት ሳጥን አውጥቶ ከፍ አድርጎ አሳየ። "ዛሬም መስመሩ ላይ ነው" አለ፤ ድምፁ የሹመት ደብዳቤ የሚያነብ ይመስል ነበር። መስመሩን በማርከር ያሰመረው ራሱ ነው። "አንድ ወር ሙሉ ሠርተንበት ጠብታ አልጎደለም። ቁጠባ ማለት ይህ ነው።"

ስምንቱ ተማሪዎች ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ራምዚ ከሁሉም አብልጦ ነቀነቀ።

ሰልሚያ ከማይክሮስኮፑ ቀና አላለችም። የደረሳት ስም ያልተጻፈበት ባክቴሪያ አራት ቁጥር ነው፤ ዛሬ ስሙን ካላወቀችው ኮርሱን ለከርሞ ትደግማለች። መስቃን ውስጥ በርበሬ የሚያመርተው አባቷ ደግሞ "ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው" ብሎ ለአገሩ ነግሯል። የምትማረው ለላብራቶሪ ቴክኒሻንነት መሆኑን ማስረዳት ከተወች ቆይታለች።

ሥራው ቀላል ነው። ባክቴሪያው ወይን ጠጅ ቀለም ይነከራል፣ በአልኮል ይታጠባል፣ ከዚያ ቀይ ይደረብበታል። የለቀቀው ቀይ ይሆናል፤ ያልለቀቀው ወይን ጠጅ እንደሆነ ይቀራል። የእሷ አለቀቀም። ትናንት የዘራችበት የባክቴሪያ ማብቀያ ምግብ ግን የሚለቁትን ብቻ ነው የሚያበቅለው፤ አራት ቁጥርም እዚያ ላይ እንደ ተልባ እያሟለጨ ተንሰራፍቶ አድሯል። ቀለሙ ባያስቸግር ስሙ ምላሷ ላይ ነበር።

"ወይን ጠጅ ብለሽ ጻፊና ተገላገይ" አለ ራምዚ። "ሁላችንም እንደዛ ነው ያልነው። ደግሞ ጣቶችሽን እያቸው፤ እንሶስላ የሞቅሽው ለማን ሠርግ ነው?"

ከጎኑ የተቀመጠችው ፈቲሀ ሳቀች። ሰልሚያ ጣቶቿን ወደ መዳፏ ሰበሰበች። ቀለሙ ከጥፍሯ ሥር ከገባ ወር ሆኖታል፤ በሎሚም በአመድም ፈትጋው እምቢ ብሏል። አልኮል ባንዴ ያስለቅቀዋል። አልኮሉ ግን ለማይክሮስኮፑ ስላይድ መስታወት ብቻ ነው ተብሏል።

ለማነጻጸር ስሙ የታወቀውን ባክቴሪያ፣ ኢ ኮላይን፣ ነከረች። ኢ ኮላይ ቀይ ነው፤ በዚህ መጽሐፍና መምህር ተጣልተው አያውቁም። አጥባ አየችው። ወይን ጠጅ።

"ቲቸር፣ ኢ ኮላይም አለቀቀም።"

"አስተጣጠብሽ ነው።"

"ሦስቴ አጠብኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አልኮሉ ነው።"

"ይሄ ዘጠና አምስት ፐርሰንት ነው፣ ልጄ። ክብሪት ሲያይ የሚነድ ነገር ነው።"

"እስቲ ይለኩሱት።"

መምህሩ ፈገግ አለ። ከሚሊኒየሙ በዓል በተረፈው ካኔተራው ላይ ጋውኑን ቆለፈ፣ ሳህን ላይ ጥቂት አንቆረቆረና ክብሪት ጫረ። እሳቱ ፈሳሹን ሲነካ ጭስስ ብሎ ጠፋ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን አልጫረም።

"እየቀዳችሁ ውሃ ስትሞሉበት ከርማችኋል" አለ። "ይህን ቀለም ከጣት የሚያስለቅቅ ሌላ ነገር የለም። እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አውጡ።"

አሥራ ስድስት እጆች ወጡ። አሥራ አራቱ ንጹሕ፣ ሁለቱ ወይን ጠጅ።

መምህሩ ከንጹሕ እጅ ወደ ንጹሕ እጅ እያለፈ ሰልሚያ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"አራት ቁጥር ማነው?"

"ክሌብሲየላ።"

ዝርዝሩን አየ። ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ ጎንበስ አለና ወረቀቷ ላይ ራይት አደረገላት።

ሰኞ ሰኞ ያለ ጓንት ቀለሙን እየነከረ የሚያሳያቸው ራሱ መምህሩ ነው። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጉ፣ ስምንቱም እስክሪብቶውን የያዙትን ጣቶች አዩ፤ እስከ ጥፍራቸው ሥር የጠሩ ነበሩ።