የቀንድ አውጣው ጨርቅ

«ሳይሰናበት የሞተን ሰው ቀንድ አውጣ የታተመበት ጨርቅ ያለብሱታል» አሉ የዕለቱ እንግዳ፣ የታሪክ ፕሮፌሰሩ። «ቀስ እያለ እንዲሄድ፣ ስንብታችን እንዲደርስበት።»

አፍሪዬ እንደ ልማዷ «ልክ ነው!» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። በኩማሲ ከተማ አዋቂ ያሰኛት፣ ፖድካስቷ ላይ ምሁራንን እየጋበዘች «ልክ ነው» ማለቷ ነበር። ይህን ግን ከማንም አልሰማችውም። ከዚህ በፊት አንድ እንግዳ መልስ ጠፍቶበት ዝም ቢልባት፣ ዝምታውን ለመሸፈን ራሷ የፈጠረችው ወግ ነው።

«ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ ይህን ከየትኞቹ ሽማግሌዎች ሰሙት?»

«የምን ሽማግሌ ልጄ! ካንቺው ነዋ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልቆየም። ከደረት ኪሳቸው ቁራጭ ጨርቅ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ቀንድ አውጣ በቀንድ አውጣ ነው። «እናቴ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ቅዳሜ በዚህ ጠቅልለን ቀበርናት። አክስቶቼ ‹ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ወግ ነው?› ብለው ሲጮሁብኝ ያንቺን ድምፅ ከፖድካስትሽ ከፍቼ አሰማኋቸው። ጨርቁን ራሳቸው አለበሷት።»

የመቅጃው ቀይ መብራት እንደበራ ነው። አፍሪዬ ጨርቁን በእጇ ዳሰሰችው።

«ልክ ነኝ አይደል?» አሏት ሽማግሌው ፕሮፌሰር፣ አስተማሪው ፊት እንደቆመ ተማሪ።