ወረፋ የያዘው ድንጋይ

የጌጃ ሰፈሯ እማማ ደሚቱ ሳላቸውን ሐኪም እንዲያይላቸው ደጅ ሲጠኑ ክረምቱ አልፎ በጋ ገባ። ጤና ጣቢያው አንዴ «ሐኪሙ ስብሰባ ነው»፣ አንዴ «ካርድ አልቋል፣ ነገ በጠዋት ይምጡ» ይላቸዋል።

ዛሬም ጎህ ሳይቀድ መጥተው፣ እንደ ሰዉ ሁሉ በሩ ላይ ድንጋይ አስቀምጠው ወረፋ ያዙ። ጉልበታቸው አላስቆም ስላላቸው አጥሩ ሥር ቁጭ አሉ። ሰልፉ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ዘበኛው ድንጋያቸውን በእግሩ ገፋ ያደርገዋል። ሊጠይቁት ጠጋ ካሉ ግን መልሱ «ዞር በይ እንጂ ሴትዮ!» ነው።

ረፋዱ ላይ ነርሷ ብቅ አለች።

«ደሚቱ ዳዲ!»

እማማ ደሚቱ ተመስገን ብለው፣ አጥሩን ይዘው ለመነሳት ሲታገሉ፣ «አቤት ልጄ» የሚል ድምፅ ከመሬት ተሰማ። የራሳቸው ድምፅ ነው። ያ ደረቅ ሳላቸው ተከተለ፤ ድንጋዩ ተንቀጠቀጠ።

«እኔ ነኝ!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም።

ሰልፈኛው ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለና ድንጋዩን በሁለት እጁ ደግፎ አነሳው።

«ቀስ ይበሉ እማማ» አለው፤ «ደረጃ አለ።»