የዘለላት መስመር

«ውኃ ልስጥሽ?» አላት አንዱዓለም የጠርሙሱን ክዳን እየከፈተ።

«ነገ» አለች እናቱ።

«አመመሽ? ራስሽን ነው?»

«ነገ።»

ክዳኑን መልሶ ገጠመና ወደ መስኮቱ ሄደ። ከመስኮቱ ተመልሶ ወደ በሩ ሄደ። እናቱን ወለተሩፋኤልን ደም ግፊት ጥሏት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር ድረስ በራሱ ሚኒባስ አምጥቶ ሆስፒታል ካስተኛት ወዲህ፣ ከቃል ሁሉ የቀረቻት ያቺ አንዲት ቃል ናት። ቀኝ እጇ አይታዘዛትም። ዓይኗ ግን በሄደበት ይከተለዋል፤ ያስጨነቀውም እሱ ነው። ከዚያ ዓይን ኋላ እናቱ ትኑር አትኑር ሊያውቅ አልቻለም።

ነርሷ ጠዋት፣ «ንግግሯ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፤ ታግሠህ አዋራት» ብላው ነበር። እንዴት ነው የሚያዋራት? የጠየቃትን ሁሉ ለነገ ትቀጥረዋለች።

«አንተ ልጅ፣ ምነው እግርህ አያርፍም?» አሉት አያ ዳኛው። ከእናቱ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ሚስታቸውን ሽታዬን የሚያስታምሙ ሽማግሌ ናቸው። «ወለሉን ጨረስኸው እኮ!»

«ብቀመጥስ ምን ልሠራ፣ አያ?»

«ሥራ ካጣህ እኔ ልስጥህ።» ከሚስታቸው ትራስ ሥር ዳዊታቸውን ከቆዳ ማኅደሩ አወጡ። «ዓይኔን ሞራ ጋርዶኛል። ለሽታዬ የዛሬውን ድገምልኝ። ታውቅ የለ?»

ያውቃል። በልጅነቱ የኔታ ዘንድ ተምሮ ጨርሶታል። ታናሽ ወንድሙ አበራ መንገድ ላይ ተኩስ መካከል ገብቶ ከቀረ ወዲህ ግን ዳዊት ነክቶ አያውቅም። እናቱ አልተወችም። ፊደል አትለይም፤ ያገኘችው ከሟች ባሏ አፍ ነው። እሱ ማለዳ ሲደግም እሷ እሳት እያነደደች ስትሰማ፣ ቃሉ እንደ ጭሱ በላይዋ ላይ ቀረ። የአበራ ሠልስት እንኳ ሳይወጣ ምስር እየለቀመች ስታመሰግን ሰምቷት፣ «ምን ስላደረገልሽ?» ብሎ ጥሏት ወጥቷል።

ሽማግሌ እምቢ አይባልም። መጽሐፉን ተቀበለና ቆሞ፣ ጀርባውን ለእናቱ ሰጥቶ ጀመረ። ዳዊት የገዛ ነፍሱን ተይ አመስግኚ፣ የተደረገልሽንም አትርሺ እያለ የሚመክርበት መዝሙር ነበር። አንዱዓለም መንገድ ሳይዘጋበት ለመድረስ እንደሚጣደፍ ሹፌር ይበር ጀመር። ወዲያው ምላሱ ተሰናከለ።

«ነፍስየ» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

ዞረ። እናቱ ጣራውን እያየች ነው።

«እማየ?»

ቀጣዩን ቃል አነበበ፤ ተከተለችው። ሌላ መስመር አነበበ፤ ቀደመችው። ደዌን ሁሉ ስለሚፈውሰው፣ ጕልማስነትን እንደ ንስር ስለሚያድሰው ጌታ የሚናገረው ግእዝ፣ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመው አፏ እየተንከባለለ ወጣ። አያ ዳኛው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

አንዱዓለም ግን አላስቻለውም። መጽሐፉን ዝቅ አድርጎ ፊቷ ላይ አጎነበሰ። «እማየ፣ ማን ነኝ? ስሜን ጥሪው እስቲ!»

አየችው። ግንባሯ ተቋጠረ፤ ከሩቅ አንድ ነገር ለማንሣት እንደሚለፋ ሰው ታገለች።

«ነገ» አለች። እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

«ተው፣ አታስጨንቃት» አሉ አያ ዳኛው። «በሩ ሁሉ ተዘግቶ አንዱ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ለምን የተዘጋውን ትደበድባለህ? አንብብላት።»

አነበበ። አብረው ሄዱ። አባት ለልጆቹ እንደሚራራ፣ አፈር መሆናችንንም እንደማይረሳ የሚናገረው ጋ ደረሱ። ቀጥሎ ያለውን አንዱዓለም ገና ሳያነበው ዓይኑ አየው። በአበራ ቀብር ላይ ቄሱ አንሥተውት ነበር። ዘለለውና ከታቹ ያለውን አነበበ።

እናቱ ዝም አለች።

ደግሞ አነበበው። አሁንም ዝም። ግራ እጇ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ፤ አየሩን እየዳሰሰ መጣና ገጹ ላይ አረፈ። ፊደል የማትለይ ሴት ናት፤ አንድ መስመር እንደጎደለ ግን ታውቃለች።

«ዘልለሃል» አሉ አያ ዳኛው በዝግታ።

«አውቃለሁ፣ አያ።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጇን ቀስ ብሎ ከገጹ ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ከዚያ ያንን መስመር አነበበ፤ የሰው ዘመን ሣር እንደሆነ፣ እንደ ዱር አበባ እንደሚያብብ፣ ነፋስ ሲያልፍበት እንደሚጠፋ፣ የነበረበት ስፍራም ዳግመኛ እንደማያውቀው። ነፋሱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። እንደገና ሞከረ፤ እምቢ አለው።

እሷ አልጠበቀችውም። እሱ ከወደቀበት ቃሉን አነሣችና፣ የእግዚአብሔር ምሕረት ግን ለዘለዓለም ነው ወደሚለው ተሻገረች። አልቸኮለችም። ድምፅዋ ደካማ ነው፤ አንዳንዱ ቃል ግማሹ አፏ ውስጥ ይቀራል። ሽታዬ ከወዲያኛው አልጋ ዓይኗን ገልጣ ታዳምጣለች። ወለተሩፋኤል ወደ መላእክቱ አለፈች፣ ወደ ሠራዊቱ ሁሉ፣ በግዛቱ ሁሉ ወዳለው ፍጥረት። አንዱዓለም ጣቱን ፊደሉ ላይ አኖረና፣ እሷ በምትሄድበት ልክ፣ ቃል በቃል ይከተላት ጀመር።